በከማል ሱቅ በር ላይ የታሰረው ሻሽ

የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ካየሁ ስንት ዘመኔ ነው። ሰሞኑን ከዓይን ሐኪም ስመለስ የተሳፈርኩበትን ባጃጅ መንገዱ ተቆፍሮ ጠበቀውና፣ ሹፌሩ «እማማ፣ ከዚህ በእግር ይቀርብዎታል» ብሎ እኔ በማላልፍበት ሰፈር አወረደኝ። ንድድ አልኩ። ናዝሬት ተወልጄ ናዝሬት አርጅቻለሁ፤ ልጆቼ አዳማ ቢሏትም የእኔ አፍ የለመደው ያው ነው። ያቺን መንገድ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እየዞርኩ ነው የማልፋት፤ ምክንያቱን ልጆቼ እንኳ አያውቁትም። ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ፣ መሬት መሬት እያየሁ ቶሎ ቶሎ ስራመድ፣ ከአንድ አሮጌ ሱቅ ጎን ባለ ዝቅተኛ ግንብ ላይ ትልልቅ የራዲዮ ባትሪ ድንጋዮች ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ አየሁ። እግሬ እምቢ አለኝ። የሞቀ ድንጋይ የራሱ ሽታ አለው፤ የጋለ ቆርቆሮና የዝገት ሽታ። እሱ ሲሸተኝ አባቴ ድቅን አለብኝ።

«ስንዱ? የጋሽ ኃይሉ ልጅ አይደለሽም?» አለችኝ ከሱቁ ደጃፍ የቆመች ሴት። ሂጃቧ ሥር ያለው ፊት አርጅቷል፤ ፈገግታው ግን አላረጀም። ዘይነባ ነበረች፣ የባለሱቁ የጋሼ ከማል ልጅ፣ አንደኛ ክፍል በአንድ ወንበር የተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ እየኖርን እንደ ባዕድ ተያየን። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ፤ እኔ ግን የምይዘው ጠፋኝና የሐኪም ወረቀቴን በእጄ እንደጨበጥኩ ቀረሁ። አባቷ በሕይወት መኖሩን ስትነግረኝ ደነገጥኩ። እንደሞተ ነበር ለራሴ የነገርኩት፤ እንዲህ ማሰቡ ይቀለኝ ነበር። እሁድ ነይ፣ ሲያይሽ ደስ ይለዋል አለችኝ። እመጣለሁ አልኩና ፊቴ እሳት ሆኖ ሄድኩ።

የዛሬ ልጆች ቡድን ሲይዙ ሳይ ይገርመኛል። የልጅ ልጄ የእንግሊዝ ክለብ ማልያ ለብሶ ይተኛል። ለምን እሱን መረጥክ ስለው፣ አባቱ ስለሚደግፍ እንደሆነ ነገረኝ። አባቱስ? እሱ ደግሞ የመጀመሪያው ዲሽ የገባበት ሻይ ቤት ባለቤት ስለሚደግፍ። ባሕር ማዶ ያለ ሜዳ ላይ ጎል ገብቶ እዚህ ፖስታ ቤት አካባቢ ወንበር ይሰበራል። አልስቅባቸውም፤ እኔም ያው ነኝ። ዘይት የሆንኩት ማንም ጠይቆኝ አይደለም። ክርስትና ሲያነሱኝ ፈቃዴን እንዳልጠየቁኝ ሁሉ፣ ዘይት ሲያደርጉኝም አልጠየቁኝም።

አባቴ የዘይት ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮቱም፣ ፀጉሩም፣ የሚያቅፈን ክንዱም ኑግ ኑግ ይል ነበር። ፋብሪካው ቢጫ ማልያ የሚለብስ ቡድን ነበረው፤ ከተማው «ዘይቶች» ይለዋል። በከተማችን ሲጫወቱ አባቴ እሁድ እሁድ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ጎረምሳው ሁሉ ጫፉ መሬት የሚጠርግ ሱሪ ለብሶ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ማበጠሪያውን ፀጉሩ ውስጥ ሰክቶ ይመጣል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ሁላችንም በአቧራ አንድ ዓይነት ሰው ሆነን እንመለሳለን። ጋሪ ስሙኒ ነበር። አባቴ ስንሸነፍ በእግር፣ ስናሸንፍ በጋሪ ይመልሰኛል፤ ልጅ ሆኜ የድል ትርጉሙ ጋሪ ይመስለኝ ነበር። ባለጋሪው ቶላም ይህን ያውቃልና ፊሽካው ሲነፋ ፈረሱን አዙሮ ይጠብቀናል።

ዘይቶች አዲስ አበባ ሲጫወቱ ደግሞ ራዲዮ አለ። የእኛ ራዲዮ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ልብስ ነበረው፤ እናቴ በዚያ ላይ ዳንቴል ሠርታ ደርባለት ነበርና ከልጆቿ ይልቅ እሱ ይሞቀው ነበር። በጨዋታው ሰዓት የግቢው ተከራይ ሁሉ ዱካውን እየያዘ ይመጣል፤ ሙቀጫ አይነካም፣ ሕፃን አያለቅስም። ጋዜጠኛው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሁላችንም ከመቀመጫችን እንነሳለን፣ ሲመልሰው እንቀመጣለን። ሜዳ ላይ የሰው ትከሻ ይጋርደኝ ስለነበር፣ ተጫዋቾቹን ከመልካቸው በፊት በእሱ ድምፅ ነው ያወቅኋቸው። የግራ ክንፉን ልጅ፣ ስሙን በረጅሙ ስለሚጠራው፣ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ አድርጌ ሥዬው ነበር። አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር ሳየው ከእናቴ ያጠረ ሆኖ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ዛሬ በዚያ ትልቅ ስክሪን ላባቸው እንኳ ይታያል፤ እኔ ግን እንደዚያ አድርጌ አንድም ሰው አይቼ አላውቅም።

የከማል ሱቅ ከእኛ ግቢ ወረድ ብሎ ማዕዘኑ ላይ ነበር። ጋሼ ከማል የወሎ ሰው ነው፤ ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። እሱ የአዲስ አበባው ቡድን ደጋፊ ነበር። የቡድኑን ስም አልጠራውም፤ ዛሬም ደጋፊው ብዙ ነው፣ እኔም ዛሬም አልወደውም። ከማል ልጅ ሆኖ መርካቶ አጎቱ ጋ ሲሠራ፣ ያ አጎቱ ትከሻው ላይ አድርጎ ስታዲየም ይወስደው ነበርና እሱንም ማንም አልጠየቀውም። አባቴና ከማል በሃይማኖት አንድ ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም፤ ለኢድ ከእነሱ፣ ለፋሲካ ከእኛ ሳህን ይመላለሳል። በኳስ ግን ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን የለም። ጸብ አልነበረም፣ ለእነሱ ከሻይ የሚጣፍጥ ነገር ነበር።

ያን እሁድ ዘይቶች አዲስ አበባ ላይ ከዚያው ከከማል ቡድን ጋር ነበሩ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንጋይ ሊገዛ ይዞኝ ሱቅ ገባ። ከማል ድንጋዮቹን ባንኮኒው ላይ ደርድሮ፣ በእኔ ድንጋይ የእኔን ጎል ልትሰማበት ነው ወይ ብሎ ቀለደበት። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ግን ሳቁ ሳያልቅ ድንጋዮቹን ወደ ከማል ገፋ አድርጎ፣ እንግዲያው ዛሬ ካንተ ድንጋይ አልገዛም አለና ወጣ። ቤት ደርሶ ያለቀላቸውን አሮጌ ድንጋዮች አወጣ፤ እንደ ዘመኑ ሰው አንድ በአንድ በጥርሱ ነከሳቸውና ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አሰጣቸው። እናቴ ልጅ ልላክና ከማል ጋ ላስመጣልህ ብትለው አልሰማትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኛ ግን ከመልቀሙ ላይ አልደረሰም።

ድንጋዮቹ ሞቀው ጥሩ ሠሩ፤ እስከ ዕረፍት ድረስ። አንድ ለዜሮ ተመርተን ግቢው እንደ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። ከዕረፍት በኋላ አቻ ሆንን፤ ከዚያ ያ አጭሩ የግራ ክንፍ ሁለተኛውን አገባ። የጋዜጠኛው ድምፅ ግን እየቀጠነ፣ እየራቀ ሄደ። አባቴ ራዲዮውን አንስቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ እኛ የእሱን ፊት እናዳምጥ ጀመር። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ነው አለን። ቀጥሎ ከንፈሩን ነከሰ፣ ራዲዮውን ነቀነቀው፣ ጀርባውን መታው። ጸጥ አለ። እናቴ አሁንም ከማል ጋ ልላክ አለችው። አባቴ ቀና ብሎ ሁላችንንም አየንና «ምን ቀረና። አልቋል፣ አሸንፈናል» አለ።

አባታችን አሸንፈናል ካለ አሸንፈናል ነው። የእናቴን ቢጫ ሻሽ ከራሷ ላይ መንጥቆ ወጣ፤ ግቢው ተከተለው። ቶላን ከነጋሪው አስቆምነው፤ እኔ ከፊት፣ አባቴ ቆሞ፣ ሻሹ በእጁ እየተውለበለበ፣ ሌላው እያጨበጨበ በእግሩ እየተከተለን ቁልቁል ወረድን። ቡና ቤቱ በር ላይ የቆሙ ሰዎች ዝም ብለው አዩን። አንዱ እጁን አንስቶ የሆነ ነገር ሊል ሲል ትዝ ይለኛል። ተቃጥለው ነው ብለን የባሰ ጮህን። ከማል ሱቅ ስንደርስ ከውስጥ የራዲዮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ጋሪው ሲቆም ድምፁ ጠፋ። ከማል መጋረጃውን ገልጦ ወጣ፤ ግቢው በሙሉ፣

ሱቅህን ዝጋና ግባ ከጓዳህ፣
ዘይት ተገልብጦ ሞልቷል በሜዳህ!

እያለ ተቀበለው። ከሁሉ የእኔ ድምፅ ይበልጥ ነበር፤ ሕፃን ልጅ የአባቷን ታላቅ «ሱቅህን ዝጋ» ስትለው። ዘይነባ ከአባቷ ኋላ ቆማ አፏን ልትከፍት ስትል ትከሻዋን ያዝ ሲያደርጋት አይቻለሁ። ከማል አባቴን አየው፣ ጋሪው ላይ ያለሁትን እኔን አየኝ፣ ሕዝቡን አየ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ኃይሉ» አለ። ገብቶ የከረሜላውን ጠርሙስ ይዞ ወጣና ልጆቹን ሁሉ አደለን። አባቴ የእናቴን ሻሽ የሱቁ በር መቀርቀሪያ ላይ አስሮ፣ እስከሚቀጥለው ጨዋታ እንዳትፈታው ብሎ ቀለደ። የከረሜላው ጣዕም፣ የብርቱካን ነበር፣ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ፤ ለልጆቼ ከረሜላ ገዝቼላቸው የማላውቀው በእሱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ለሥራ ጫማውን ሲያጠልቅ ቶላ መጣ። አውቶቡስ ተራ ከአዲስ አበባ የመጡ ሹፌሮች ሲያወሩ ሰምቷል። ለመናገር ጭንቅ ብሎት መጀመሪያ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» ብሎ እንዴት እንዳደርን ቤተሰቡን በየተራ ጠየቀ፤ ፈረሱ ማደሩን ሁሉ ነገረን። ከዚያ «ኦቦ ኃይሉ፣ ሦስት ለሁለት ነው ያለቀው። መጨረሻ ላይ ሁለት አገቡብን» አለ። አባቴ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ፣ አንዱ መሬት ላይ እንዳለ ቀረ። ስለ ጎሎቹ አልጠየቀም። እናቴን ቀና ብሎ አያትና «ራዲዮው ክፍት ነበር እኮ። ከማል ሰምቶ ነው የወጣው» አላት።

ቢስቅበት ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልቅ ነበር። አባቴ መሳቂያ መሆን አይፈራም። ከተማውማ «ኃይሉ ሁለት ለአንድ» የሚል ስም አወጣለት፤ ሲጠሩት ይመልሳል። ሲሞት እንኳ ለቀብሩ የመጣ ሰው የትኛው ኃይሉ ነው ብሎ ሲጠይቅ «ሁለት ለአንዱ» ሲሉት ጆሮዬ ሰምቷል። እሱን ቻለው። ያልቻለው የከማልን ዝምታ ነው። ከማል ደጁ ድረስ መጥቶ ለሰደበው ሰው፣ ልጆቹ ፊት እንዳያፍር ብሎ እውነቱን ዋጠለት፤ ለስድቡ ከረሜላ ከፈለው። እናቴ ሂድና ይቅር በለኝ በለው፣ ሻሼንም አምጣልኝ ትለዋለች። ነገ እሄዳለሁ ይላል። ሲነጋ «በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይላል። ነገ እየተባለ ሳምንት ሆነ፣ ክረምት ሆነ። ስኳር ከሩቅ፣ ላምባ ከገበያ ማዶ መግዛት ጀመርን። በላይኛው መንገድ መዞር ተማርን። እኔም ትምህርት ቤት ሰሌዳው አይታየኝም ብዬ ከዘይነባ ወንበር ተነሳሁ፤ ፊቷን ማየት አቅቶኝ ነው። ሰፈሩ ተጣሉ አለ። ሳንጣላ መቅረታችን ነው የሚያሳፍረው፤ የተጣላ ሰው ቢያንስ ሽማግሌ ይገባለታል።

ከዚያ በኋላ ስንት ነገር አለፈ። መንግሥት ተለወጠ፣ ፋብሪካው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ፣ ዘይቶች ፈረሱ። ሜዳው ላይ ዛሬ ከሞጆ የሚመጡ የጭነት መኪኖች ያድሩበታል። አባቴ ግን ሌላ ቡድን አልያዘም። ትቶት ቢሄድ ያን እሁድ በከንቱ መዋረዱ ይሆናል መሰለኝ። እኔም አልያዝኩም። ልጄ «የሌለ ቡድን ደጋፊ» እያለ ያሾፍብኛል፤ ኳስ ስወድ የኖርኩ መስሎህ እንጂ እኔ እፍረት ነው የወረስኩት ብዬ ልነግረው ስንቴ አስቤ ትቼዋለሁ።

ሳምንቱን በሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። አንዴ ጉንፋን ይዞኛል ልበል አልኩ። ያን ደግሞ ሳስበው፣ ነገ እሄዳለሁ ሲል የነበረው የአባቴ ድምፅ ከአፌ የወጣ መሰለኝና አፈርኩ። ጋሼ ከማል ዕድሜው ገፍቷል፤ አሁን ካልነገርኩት የአባቴን ቃል የሚያደርስለት ሰው አይኖርም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ።

ዘይነባ በሱቁ ውስጥ አሳልፋ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ሱቁን አሁን ልጇ ነው የያዘው፤ መደርደሪያው አዲስ ድንጋይ ሞልቶታል። አባዬ ግን ያለቀውን ፀሐይ ላይ ካላሰጣችሁ ይላል፣ ድንጋይ አይጣልም ይላል ብላ ሳቀች። ሽማግሌው ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፎ ራዲዮ ጆሮው ሥር አድርጓል። ራዲዮው በጨርቅ ተጠቅልሏል። መጀመሪያ ነጭ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ስል እጥፋቱ ውስጥ ቢጫነቱን አየሁት። የእናቴ ሻሽ ነበር። ዘይነባ ያቀረበችልኝ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩን የነገረችኝ እሷ ናት። ያን ቀን ማታ እናቷ ሻሹን ልትፈታው ስትል ጋሼ ከማል ከለከላት፤ ያሰረው ኃይሉ ነው፣ ራሱ መጥቶ ይፍታው አለ። ኃይሉ አልመጣም። ሻሹ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት በሩ ላይ ከረመ። መንገደኛው ሱቁን የዘይት ደጋፊ ሱቅ አለው፤ የዘይት ደጋፊዎች ሌላውን ሱቅ እያለፉ ከእሱ ይገዙ ጀመር፤ የአዲስ አበባው ቡድን ወዳጆቹ ከዳህ ብለው አኮረፉት፤ መርካቶ ያለው አጎቱም ጭምር። ከማል አንዴም አልመለሰላቸውም። «እኛ ደግሞ ምን እናውቃለን፤ ከቢጫ ጨርቅ ሥር ስንገባና ስንወጣ ዘይት ሆነን አደግን» አለችኝ። «ሲፈርሱ ወንድሜ እንዴት እንዳለቀሰ ብታዪ። ጨርቁ ሊበጠስ ሲል ነው አባዬ አውርዶ ራዲዮው ላይ የጠቀለለው።»

ልናገር የመጣሁትን በለሆሳስ ጀመርኩ። ጋሼ ከማል እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አይሰማም፣ ጮክ በይ አለችኝ ዘይነባ። ስንት ዓመት ዋጥ አድርጌ የኖርኩትን ነገር፣ ሱቁ ውስጥ ገበያተኛ ቆሞ እየሰማ፣ መጮህ ሊኖርብኝ ነው። «ጋሼ ከማል» አልኩ በሙሉ ድምፄ፣ «አባቴ ተቀይሞዎት አልነበረም። አፍሮ ነው የቀረው።»

ሱቁ ውስጥ ያለው ወሬ ቆመ። ሽማግሌው ራዲዮውን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ያን ቀን እንደዘጋው ይሆናል። ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ወላሂ እኔ ደግሞ ተቀየመኝ ብዬ» አለ። «እያወቀ በሰው ፊት አሞኘኝ ብሎ የተቀየመ መሰለኝ። እውነት ነው፣ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አንቺን ጋሪው ላይ ሳይሽ አቃተኝ። ስንቴ ደጃችሁ ድረስ መጥቼ ተመለስኩ። በምን ዓይኔ አየዋለሁ እያልኩ።»

ያንኑ ቃል ነው ያለው፣ አንድም ፊደል ሳይለውጥ። ሁለት ሰዎች በሁለት መንገድ እየዞሩ፣ አንዱ የሌላውን ደጅ እየሸሹ አረጁ፤ አንዱ ሞተ። አቀርቅሬ አለቀስኩ። ለአባቴ ብቻ አይደለም፤ እኔም ዕድሜ ልኬን እየዞርኩ ላለፍኩት መንገድ ነው። ጋሼ ከማል ሻሹን ከራዲዮው ላይ እየፈታ፣ ለእናትሽ ስጫት አለኝ። እናቴ ማረፏን አልሰማም። ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ዘይነባ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ። ሻሹን ተቀበልኩና እሰጣታለሁ አልኩት።

ስወጣ ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዎች መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዳቸውም ዓይኔን አላዩም። አባቴ ያን እሁድ ድንጋዮቹን ገፍቶ የወጣበት ባንኮኒ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ለዘይነባ ልጅ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ስጠኝ አልኩት። ከመደርደሪያው አውርዶ አቧራቸውን ጠረገና፣ ለየትኛው ራዲዮ እንደሆኑ ጠየቀኝ። ቤቴ ውስጥ ራዲዮ የለም።

«ለአባቴ ነው» አልኩት።